ያፏጨው አይጥ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። በር ላይ የቆማችሁም ግቡና አረፍ በሉ፤ ቡናው ገና አቦል ነው፣ ወጉም ረጅም ነው። የዛሬው የአይጥ ወግ ነው።

አይጥ ስል ገና ካሁኑ ፊታችሁ ጠቆረ። ማን ይፈርድባችኋል! በወንበርማ በቆሎውን ፈልፍሎ ጎተራ የከተተ ገበሬ ስለ አይጥ ደግ ወሬ መስማት አይወድም። ሽንዲ ብትሉ፣ ቡሬ ብትወጡ፣ ፍኖተ ሰላም ብትሻገሩ፣ አይጥ የከረመ ጠላት ነው። የኔው አይጥ ግን ጆንያ አይቀድም። ከወረቀትና ከጥቁር ቀለም የተሠራ፣ ሁለት ክብ ጆሮ ያለው፣ ቁምጣ የታጠቀ፣ ከእግሩ የሚበልጥ ጫማ ያጠለቀ ነው። ሙያው አንድ ብቻ ነው፤ ምት አይስትም።

ይህን ያዙልኝ። ብዙ ሰው አይጡ ዓለምን የገዛው ሥዕሉ ስላማረ ይመስለዋል። ከእሱ በፊት በሥዕል የሚበልጡት ነበሩ። እሱ ሰውን የያዘው በጆሮው በኩል ነው።

ዘመኑ 1921 ዓ.ም. ነው። መስከረም 27 ቀን አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ይህ የኛ አገር፣ ጎጃም፣ ያኔ በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጅ ነበር። ከዘውዱ ልክ ስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 18 ቀን 1928፣ ኒውዮርክ ከተማ ብሮድዌይ በሚባለው ሰፈር፣ ኮሎኒ በተባለ ትያትር ቤት፣ ስምንት ደቂቃ የማይሞላ የካርቱን ፊልም ታየ። ስሙ «ስቲምቦት ዊሊ» ነው። ከዚህ ወዲያ የአሜሪካኑን ነገር በፈረንጅ ዓመት፣ የአገራችንን በዓ.ም. እጠራለሁ፤ እንዳይምታታባችሁ።

የፊልሙ ባለቤት ዋልት ዲዝኒ የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ንብረቱን አጥቷል። ንብረት ስል መሬት እንዳይመስላችሁ፤ ጥንቸል ነው። ኦስዋልድ የሚባል የካርቱን ጥንቸል ፈጥሮ፣ ሰው ወዶለት፣ ክፍያ ይጨመርልኝ ሊል ኒውዮርክ ድረስ ቢሄድ፣ ቻርልስ ሚንትስ የሚባለው አከፋፋይ «ጥንቸሉ በውሉ መሠረት ያንተ አይደለም፤ ሠዓሊዎችህንም አስፈርሜያቸዋለሁ» አለው። ውል ሳያነብ የፈረመ ሰው የሚደርስበትን እናንተ ታውቃላችሁ። ከሠዓሊዎቹ አብዛኞቹ ሄዱ። አብ አይወርክስ የሚባለው ግን አልሄደም። በቀን እስከ 700 ሥዕል ይሥላል ይባልለት የነበረ፣ ዝም ያለ፣ እጁ እንደ ነፋስ የሚሮጥ ሰው ነው። በጥንቸሉ ምትክ የመጣውን አይጥ በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች በወረቀት ላይ ያስኬደው እሱ ነው።

ሁለት ፊልም ሠሩ። ሁለቱም ድምፅ አልነበራቸውም፤ ገዢም አላገኙ። ምክንያቱም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1927 ጥቅምት ላይ፣ «ዘ ጃዝ ሲንገር» የሚባል ፊልም ወጥቶ ሰው በሸራ ላይ ሲዘፍን በጆሮው ሰምቷል። አንዴ የሰማ ጆሮ ተመልሶ ዝምታን አይቀበልም። ዲዝኒ ሦስተኛውን ፊልም በድምፅ እሠራለሁ አለ። ግን እንዴት? ሰው ሲዘፍን መቅዳት ይቻላል፤ የተሣለ አይጥ ግን አፍ የለው፣ ሳንባ የለው። ሥዕሉና ዜማው የሚገናኙት በምን ድልድይ ነው?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና።

በስቱዲዮው ውስጥ ዊልፍሬድ ጃክሰን የሚባል ገና አዲስ የገባ ልጅ ነበር። እናቱ የሙዚቃ አስተማሪ ነበረችና ሜትሮኖም የሚባለውን ዕቃ ያውቃል። ወዲያ ወዲህ እያለ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል፣ ሙዚቃ ተማሪው ምቱን እንዳይስት የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ነው የሚያሳልፈው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱት። ዜማው በሴኮንድ ሁለት ጊዜ የሚመታ ከሆነ፣ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ምት 12 ሥዕል አለ። ዜማው ፈጠን ብሎ በሴኮንድ ሦስቴ ከመታ 8 ሥዕል ነው። አለቀ! ሠዓሊው ዜማውን መስማት እንኳ አያስፈልገውም። አይጡ እግሩን በአንደኛው ሥዕል ላይ መሬት ካስነካ፣ በ13ኛው ላይ እንደገና ያስነካ። በ25ኛው ላይ እንደገና። ጃክሰን አርሞኒካውን እየነፋ፣ ዲዝኒ እየቆጠረ፣ ዜማውን በመስመር ላይ ጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ምት ሥር ደግሞ አይጡ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። ሥዕሉ ከዚያ በኋላ መጣ። ዜማው ጌታ፣ ሥዕሉ ሎሌ ሆነ ማለት ነው።

ፊልሙ በከፊል ሲያልቅ አንድ ማታ ሊሞክሩት ተሰበሰቡ። ይህችን ማታ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ። የስቱዲዮው ቤት ትንሽ ነው። የማሳያው መኪና ይጮሃል፤ ስለዚህ የዲዝኒ ወንድም ሮይ ከውጭ ሆኖ በመስኮት በኩል አበራላቸው። አንሶላ ተሰቀለ። ሚስቶቻቸው በአንድ ወገን ተቀመጡ። ወንዶቹ ከአንሶላው ጀርባ ቆሙ፤ ጃክሰን አርሞኒካ ይዟል፣ አይወርክስ ድስትና መጥበሻ ይዟል፣ ሌላው ፉጨትና ጩኸት ሊያወጣ ተዘጋጅቷል፣ ዲዝኒ ማይክሮፎን ፊት ቆሟል። ብርሃኑ በአንሶላው ላይ ሲያልፍ ከጀርባ ያዩታልና ምቱን እየተከተሉ ነፉ፣ ቀጠቀጡ፣ አፏጩ። ገጠመ! የአይጡ እግርና የመጥበሻው ድምፅ አንድ ላይ ወደቁ። ደግመው ደጋግመው አሳዩ። ሴቶቹ ግን ወዲያው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ አሉ፤ ስለ ልጅና ስለ ወጥ ቤት ያወራሉ። ወንዶቹ አብደው፣ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይዘው፣ እንዲህ ሆኖ ነው ነገሩ የተወለደው።

ከዚያ ዲዝኒ ፊልሙን ይዞ ለማስቀዳት ኒውዮርክ ወረደ። ኦርኬስትራ ተቀጠረ፤ በሰዓት የሚከፈላቸው ሙዚቀኞች ናቸው። መሪያቸው በሸራው ላይ ያለውን ምልክት ልከተል አላለም፤ በራሱ ልማድ መራ። ዜማው ቀደመ፣ አይጡ ኋላ ቀረ። ገንዘቡ እንደ ጨው ሟሟ። ዲዝኒ መኪናውን አስሸጠ። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን በፊልሙ ላይ ምቱን እየጠበቀች የምትነጥር ኳስ አስገቡ፤ መሪው ዓይኑን ኳሷ ላይ ተከለ፣ ሁሉም ተገጣጠመ።

እና ምን ይታያል በፊልሙ? አይጡ ሚኪ የእንፋሎት መርከብ መሪ ይዞ እያፏጨ ይመጣል። ትከሻው ይነቃነቃል፣ እግሩ ይመታል። አዛዡ ድመት መጥቶ ያባርረዋል። ቀጥሎ ሚኒ የምትባለው አይጥ ጊታርና የኖታ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ወረቀቱ ሲወድቅ ፍየል ይበላዋል! እሷን ታውቋታላችሁ፤ ፍየል የትም አገር ፍየል ናት። ጊታሩንም ጨመረች። ሚኪ ምን ያድርግ? ሚኒ የፍየሏን ጭራ ይዛ እንደ ወፍጮ እጀታ ብትዘውረው፣ የተበላው ዜማ ከፍየሏ አፍ መፍሰስ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ መርከቡ ላይ ያለው ሁሉ ሙዚቃ ሆነ። ድስቱ ከበሮ ነው። የድመቷ ጅራት ሲጎተት ይጮሃል። ዳክዬዋ ስትጨመቅ ትነፋለች። የላሟ ጥርስ በእንጨት ሲመታ እንደ ሳይሎፎን ያስተጋባል። ለከብት አዛኝ የሆነ ሰው ቅር ይለዋል፤ እኔንም ትንሽ ይለኛል። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ብሮድዌይ ላይ ሰው ሣቀ፣ ጋዜጣው አወደሰ፣ አይጡ ስም አወጣ።

አሁን አንዱ ብልጥ ተነስቶ «የመጀመሪያው እሱ ነውን?» ይለኛል። አይደለም፤ ጥሩ ጠየቅህ። ከዲዝኒ አንድ ወር ቀደም ብሎ ፖል ቴሪ የሚባል ሰው ድምፅ ያለው ካርቱን አውጥቶ ነበር። ከእሱም በፊት የፍላይሸር ወንድማማቾች፣ ማክስና ዴቭ፣ በኒውዮርክ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች የጎጃም ሰው ሊወድዳቸው ይገባል፤ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ፍላይሸሮች ከ1924 ጀምሮ የዘፈን ካርቱን ይሠሩ ነበር፤ በ1926 ያወጡት «ማይ ኦልድ ኬንታኪ ሆም» የተቀዳ ድምፅ ነበረው። የዘፈኑ ቃል በሸራው ላይ ይጻፋል፤ ከቃሉ በላይ ነጭ ኳስ ትነጥራለች። ኳሷ ቃሉን ስትነካ ያኔ ነው ያ ቃል የሚዘፈነው። ቃሉ ረዘም ብሎ የሚዜም ከሆነ ኳሷ ትቆያለች፤ አጠር ካለ ትዘላለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ፣ አብሮ ይዘፍናል። ኳሷን የሚያንቀሳቅሳት ደግሞ ሰው ነው፤ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተለጠፈች ናት፣ አንድ ሠራተኛ እንጨቱን ይዞ በቃላቱ ላይ ያስኬዳታል፣ ካሜራው ይቀዳል።

እንግዲህ የኔታ ፊት ተቀምጦ ድጓ ያጠና እዚህ ካለ ይፍረደኝ። ከግእዙ ቃል በላይ በቀይም በጥቁርም ቀለም የተጻፈችው ምልክት ምን ታደርጋለች? ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ሂደት፤ እነዚህ ሁሉ ከቃሉ ራስ ላይ ሆነው ድምፁን እዚህ ያዝ፣ እዚህ ጣል፣ እዚህ አስረዝም ይሉታል። በኛ አገር ምልክቷ ቆማ የተማሪው ድምፅ ይሄዳል፤ በፍላይሸር ዘንድ ምልክቷ ራሷ ትሄዳለች። ልዩነቱ ይኸው ነው። በዚህ በዳሞት መሬት የቆሎ ተማሪ ሆኖ እየለመነ ዜማ የቆጠረ ሰው ያችን ኳስ ቢያይ፣ ማንም ሳያስረዳው የሥራዋን ልክ ያውቀው ነበር።

ፍላይሸሮች ሌላም ብልሃት ነበራቸው። ማክስ በ1915 የባለቤትነት ማመልከቻ ባስገባበት መሣሪያ፣ እውነተኛ ሰው ሲንቀሳቀስ በፊልም ይቀዳል፣ ከዚያ እያንዳንዷን ምስል ከሥር በብርሃን አብርቶ በእርሳስ ይከተላታል። ሮቶስኮፕ ይሉታል። ወንድሙ ዴቭ የቀልደኛ ልብስ ለብሶ ዘለለ፤ ኮኮ የሚባለው ካርቱን ከእሱ አካል ወጣ።

ከዲዝኒ ቤት ደግሞ በ1929 «የአጽሞች ጭፈራ» ወጣ። ይህኛውን ማታ ለልጅ አታሳዩ። ሐሳቡ የሠዓሊ ሐሳብ አልነበረም፤ ካርል ስታሊንግ የሚባል የካንሳስ ሲቲ ሰው፣ ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን በሲኒማ ቤት ኦርጋን እየተጫወተ የኖረ ሙዚቀኛ ነው ያመጣው። ለዲዝኒ እንዲህ አለው ማለት ነው፦ እስካሁን የአይጡን ቀልድ አስበን ዜማ ፈለግንለት፤ አሁን ዜማውን አስቀድመን ሥዕል እንፈልግለት። አይወርክስ ብቻውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሣለው። መቃብር ስፍራ ነው፣ ሌሊት ነው፣ አጽሞች ተነስተው ይጨፍራሉ። አንዱ አጽም የሌላውን አከርካሪ በአጥንት እየቀጠቀጠ ሳይሎፎን ያደርገዋል። ያለ ቀለም፣ ነጭ አጥንት በጥቁር ሌሊት ላይ፤ ቀለም ቢኖረው ኖሮ ግማሽ ኃይሉን ያጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስታሊንግ በ1936 ዋርነር ብራዘርስ የሚባል የፊልም ድርጅት ገብቶ ከ20 ዓመት በላይ የካርቱን ሙዚቃ ሲጽፍ ኖረ።

አሁን የዚህን ነገር ጥቁር ጎን ልንገራችሁ። ዜማው ጌታ ነው ብያለሁ፤ ጌታ ደግሞ ነጋዴም ሊሆን ይችላል፣ ክፉም ሊሆን ይችላል።

ዋርነር ብራዘርስ በዚያ ዘመን የዘፈን አሳታሚ ድርጅቶችን ገዝቶ ነበር። ዘፈኖቹ እንዲሸጡ ሰው መስማት አለበት። ስለዚህ በ1930 ካርቱን አስጀመረ፣ «ሉኒ ቱንስ» አለው፣ ባለታሪኩ ቦስኮ የሚባል ፍጡር ነበር። ካርቱኑ ለዘፈኑ ማስታወቂያ ነው። ቦስኮስ ምንድን ነው? ፈጣሪዎቹ ሃርማንና አይዚንግ ሲያስመዘግቡት ጥቁር ልጅ ብለው ነው። ጥቁር ፊት፣ ትልቅ አፍ። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁር ሕዝብ ላይ የሚያላግጡበት የአሜሪካ መድረክ ነበር፤ ነጭ ጓንቱም፣ ትልቅ አፉም፣ አነጋገሩም ከዚያ ነው የተቀዳው። የእነ ሚኪ ነጭ ጓንት ሳይቀር ከዚያ መድረክ ጋር ዝምድና አለው ብለው የጻፉ ሊቃውንት አሉ።

የሚያመው ነገር ምን መሰላችሁ? የነዚህ ካርቱኖች ደም ሥር የጥቁሮች ሙዚቃ መሆኑ ነው። ጃዝ ባይኖር አይጡም አጽሙም በምን ይጨፍራሉ? በ1932 ፍላይሸሮች ካብ ካሎዌይን አመጡ። ያ ታላቅ የጃዝ መሪ ኦርኬስትራው ፊት ቆሞ ሲጨፍር ቀድተው «ሚኒ ዘ ሙቸር» በሚለው፣ ቤቲ ቡፕ የምትባለው የተሣለች ሴት በምትታይበት ካርቱን መግቢያ ላይ አሳዩት። እግሩ መሬቱን ሳይለቅ ይንሸራተታል፣ ወደፊት የሄደ ሲመስል ወደኋላ ይሄዳል፣ ወገቡ እንደ ውኃ ነው። ከዚያ ያንኑ ጭፈራ በሮቶስኮፕ ተከትለው ለአንድ የባሕር አውሬ መንፈስ አለበሱት። በዋሻ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ፣ አውሬው የካሎዌይን እግር ይዞ ይጨፍራል። ከዚህ የበለጠ የሚያምር የካርቱን ጭፈራ አላየሁም። ግን በዚያው ዓመት፣ እነዚያው ሰዎች፣ ሉዊስ አርምስትሮንግን አምጥተው በሌላ ካርቱን ጭንቅላቱን በሰማይ እየበረረ ሰው የሚያሳድድ የጫካ አረመኔ አደረጉት። ታላቁን ሙዚቀኛ! መለከቱን ወሰዱ፣ ፊቱን አዋረዱ። አንድ ቤት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ሥራ።

አይጡም ቢሆን ለኛ ንጹሕ ሆኖ አልቀረም።

በ1935 የካቲት ላይ ሚኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም ወጣ፤ «የባንዱ ኮንሰርት» በሚለው ፊልም የሰልፈኛ ሙዚቀኞችን ይመራል፣ አውሎ ነፋስ ሰማይ አውጥቶ ሲያሽከረክራቸው እንኳ ምቱን አይለቁም። በዚያው ዓመት ጥቅምት መባቻ፣ በኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ጣሊያኖች ሚኪን ቶፖሊኖ ይሉታል፤ ልጆቻቸው ያብዱለት ነበር። በዚያ ጦርነት ወቅት ጣሊያን ውስጥ ለልጆች የሸክላ ዘፈን ተቀዳ። ርዕሱ ቶፖሊኖ ወደ አቢሲኒያ ዘመተ የሚል ነው። የዲዝኒ ስቱዲዮ ሥራ አይደለም፤ እዚያው ጣሊያን የተበጀ ነው። አይጡ ጠመንጃ አንስቶ፣ እየፎከረ፣ በዜማ ወደ እኛ ይዘምታል። የሮማ ሕፃን እየሣቀ ይሰማዋል፤ ሰማዩ ላይ ደግሞ የመርዝ ጋዝ የጫነ አውሮፕላን አለ። አዎ ልጄ፣ ያ የሚያፏጨው አይጥ። ምት የማይስት ፍጡር ለሰልፍም ይመቻል።

አያቶቻችሁ ያኔ የት ነበሩ? በዚህ በጎጃም ዱር ነበሩ። ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ሌሎችም ስማቸው በየደጁ የሚነሣ አርበኞች ጠላትን አምስት ዓመት አላስተኙትም። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ቅድም ራስ ተፈሪ ያልኳቸው፣ በሱዳን በኩል በጎጃም አቋርጠው ሲመለሱ፣ ቡሬ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ፍኖተ ሰላም፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው፣ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ጉዞ ነው ይባላል። በዚያ ዘመቻ ምን ነበር መሰላችሁ? ድምፅ ማጉያ! ጆርጅ ስቲር የሚባል፣ ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረ መኮንን የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በአማርኛ «ባንዲራችን» የሚል ጋዜጣ እያሳተመ፣ በድምፅ ማጉያ ደግሞ ለጣሊያን የተሰለፈውን የአገር ልጅ ና ወደ ወገንህ እያለ ይጠራ ነበር። በተቀዳ ዘፈን የዘመተብን ጠላት በጎጃም ምድር በድምፅ ማጉያ ተመለሰለት። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ ይቅር በሉኝ፣ ጦርነት አያስቅም፣ ግን ያስቀኛል።

ሲኒማ በአገራችን ቀድሞም እንግዳ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ፊልም የሚያሳየውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎታል፤ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ቴሌቪዥን የመጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ በነዚያ 20 ዓመታት ፈረንጅ በቀይና በሰማያዊ የሣለው ካርቱን ሁሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲመጣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ለአዲስ አበባ ልጅ ያ ጥቁርና ነጭ የዲዝኒ ዘመን ሳያልፍ ቆየለት ማለት ነው። የልጆቹ ንጉሥ ግን ካርቱን አልነበረም፤ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ። እሳቸው ከቴሌቪዥኑ መጀመሪያ አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረት አወሩ። አንድም ሥዕል ሳይንቀሳቀስ፣ በድምፃቸውና በፊታቸው ብቻ፣ ጅቡንም ቀበሮዋንም አስኬዷቸው። በኋላ በ1998 ዓ.ም. ገደማ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ ይዘው መጡ፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»። እዚያም ትምህርቱ የሚገባው በዘፈን ነው።

በገጠር ከተማ ቴሌቪዥኑም ዘግይቶ ነው የደረሰው። ቪዲዮ ቤት ነበር፤ በጄኔሬተር የሚሠራ፣ አግዳሚ የተደረደረበት፣ የገበያ ቀን የሚሞላ። አሁን ደግሞ ስልክ አለ። ልጁ ሚሞሪውን ይዞ ሱቅ ይሄዳል፣ ዘፈንና ፊልም ያስጭናል፣ በባጃጅ እየሄደ ያያል። ስክሪኑ የእጅ መዳፍ ያህላል፤ ድምፁ ግን ሠፈር ይሰማዋል። አሁንም ቢሆን ጆሮ ነው የሚቀድመው።

ለመጨረሻ ያቆየሁት ወሬ ይህ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ የ2024 የመጀመሪያ ቀን፣ «ስቲምቦት ዊሊ» በአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት ጊዜው አበቃ። 95 ዓመት ተጠብቆ ኖሮ ተለቀቀ። የመጀመሪያው ጥቁርና ነጭ ሚኪ፣ ያ የሚያፏጨው፣ እዚያ አገር የሕዝብ ሆነ። የኋላው ሚኪና የንግድ ምልክቱ ግን አሁንም ባለቤት አላቸውና እንዳትሳሳቱ።

እና አንተ፣ ከኋላ የተቀመጥከው፣ ቅድም «እኛስ መሥራት እንችላለን ወይ» ያልከው፤ ና ቁጥሩን እንይ። የፈረንጅ አይጥ አያስፈልግህም፤ የራስህን ፍጥረት ሣል፣ ከፈለግህ የፍየሏን ዘመድ። ከመሣልህ በፊት ግን ዜማ ቅዳ። አንድ አዝማሪ አስቀምጠህ፣ በስልክህ፣ አንድ ደቂቃ የጎጃም ጨዋታ በመሰንቆ አስቀዳ። አጨብጭበህ ምቱን ቁጠር። በሴኮንድ ሁለት ምት ከሆነ በየምቱ 12 ሥዕል ነው ብያለሁ። የአንድ ደቂቃ ሥዕል 1440 ይሆናል። አይዞህ፣ አትደንግጥ፤ ሠዓሊዎቹ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነሡ ግማሹን ሥራ ይቆጥባሉ፣ ዓይንም አያውቀውም። ስለዚህ 720 ነው፤ ለእያንዳንዷ ምት ስድስት። በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ትከሻው ይውረድ፣ በአራተኛው ላይ ይውጣ፣ በሰባተኛው፣ አዲሱ ምት ሲገባ፣ ተመልሶ ይውረድ። አንገቱን ለጊዜው ተወው፤ አንገት ከባድ ነው። በቀን 20 ሥዕል ብትሥል በ36 ቀን ትጨርሰዋለህ። በስልክ እያነሡ የሚገጣጥሙበት አፕ ሞልቷል።

ደብተርህ ባለ ስንት ሉክ ነው ያልከኝ?